ለጥያ መንገድ ፒካፕ ወይስ ፕራዶ?

ጥያቄ፦ ከጥያ ወጣ ያለ ቀበሌ ነው የምኖረው። ድንችና ቆጮ ወደ ቡታጅራ ገበያ አወጣለሁ፤ ለመስቀል ደግሞ ቤተሰቡን ከአዲስ አበባ አመጣለሁ። ያገለገለ የናፍጣ ፒካፕ ይሻለኛል ወይስ ፕራዶ?

መልስ፦ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ይግዙ፤ ፎርዊሉ የሚሠራ መሆኑን ግን ያረጋግጡ።

ከአለም ገና በመልካ ቁንጥሬ አድርጎ፣ ጥያን አልፎ ቡታጅራ የሚዘልቀው አስፋልት ለሁለቱም አይከብድም። ፈተናው ከአስፋልቱ ሲወርዱ ነው። ሐምሌ ላይ ጥቁሩ መረሬ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፤ የጎማው ጥርስ በጭቃ ይሞላና ልሙጥ ይሆናል። ባዶ ፒካፕ ኋላው ስለሚቀል እዚያው ይሽከረከራል። ፕራዶ አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ ስለሚነዳ ይሻላል። እርስዎ ግን ጭነት ይዘው ነው የሚወጡት፤ ክብደቱ ራሱ ጎማውን መሬት ያስይዛል። ባዶ ሲመለሱ ሁለት ጆንያ አሸዋ ከኋላ ይጫኑ። የፕራዶ የኋላ ሞላ ለምቾት የተሠራ ጥቅልል ነው፤ በየሳምንቱ ኩንታል ሲከመርበት ይተኛል። የሃይሉክስ ባሌስትራ ግን ለሸክም የተሠራ ነው። ቤተሰብዎ ትንሽ ይንገጫገጫል፣ እሱን አልደብቅዎትም።

የሃይሉክሱን ፎርዊል ደረቅ አስፋልት ላይ አያስገቡ፤ መታጠፊያ ላይ የማርሹን ጥርሶች ይበላል።

የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ የሚገዙት እዚሁ አገር ውስጥ ያገለገለ ነው የሚሆነው፤ በጥንቃቄ ይምረጡ። በጠዋት ሄደው ሞተሩን በቀዝቃዛው ያስነሱ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ። ከሥር ገብተው ሻንሲውን በእጅዎ ይዳብሱ፤ ብየዳ ካገኙበት ይተዉት።