ከሰርቪስ ማግስት

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ መኪናዬን ዘይት አስቀይሬ፣ የፍሬን ሸራ አስለውጬ፣ ጎማዎቹንም የፊቱን ከኋላው አቀያይረውልኝ ከጋራዥ ስወጣ መሪው ወደ ቀኝ ይስበኝ ጀመር። በሰጡኝ ወረቀት ላይ «የጎማ ንፋስ» ከሚለው መስመር ፊት ለፊት የራይት ምልክት ተደርጓል። አላይመንቱ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ገንዘብ ላወጣ ስል የሰፈራችን ጎሚስታ መለኪያውን ሰካና ሳቀ። የፊት ግራው 41፣ የፊት ቀኙ 27። «ጋሼ፣ አንዱን ሞልተው ሻይ ሊጠጡ ሄደው ነው» አለኝ።

ያን ዕለት ተናደድኩ። ቆይቼ ነገሩን ስመረምረው ግን ሠራተኞቹ ጠንቃቆች ቢሆኑ ኖሮም በዚያች ሰዓት ልኩን ማግኘት እንደሚቸግራቸው ገባኝ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ንፋሱ ጎማ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማየት አለብን።

መኪናውን የሚሸከመው በአብዛኛው ጎማው ሳይሆን ጎማው ውስጥ የታመቀው ንፋስ ነው። አንድ ቶን ገደማ የምትመዝን መኪና፣ ቪትዝ እንበል፣ በእያንዳንዱ እግሯ 250 ኪሎ ያህል ታሳርፋለች። ንፋሱ ደግሞ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 2.3 ኪሎ ገደማ ይገፋል። 250ን ለ2.3 ሲያካፍሉት ጎማው አስፋልቱን የሚነካበት ስፍራ 110 ካሬ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይወጣል። (የጎማው ጎን ራሱ የሚሸከማት ጥቂት ድርሻ አለች፤ ለዛሬ እንተዋት።) ይህ ስፍራ ከአንድ ጎልማሳ መዳፍ ብዙም አይሰፋም። ፍሬን ሲይዙ፣ ኩርባ ሲዞሩ፣ በክረምት ውሃ የተኛበት መንገድ ላይ ሲነዱ መኪናዎን ከምድር ጋር የሚያያይዙት እነዚህ አራት መዳፎች ብቻ ናቸው።

ንፋሱ ሲበዛ መዳፉ ይጠባል፤ የጎማው ጥርስ መሃል ለመሃል ይበላል፣ ኮብልስቶን ላይ ወገብ ያንቀጠቅጣል። ሲያንስ የሚመጣው ግን የከፋ ነው። ጠርዝና ጠርዙ ቶሎ ማለቁ፣ መሪው መክበዱ፣ ነዳጅ መጨመሩ ቀላሉ ጉዳት ነው። ዋናው ሙቀት ነው። ቀጭን ሽቦ በእጅዎ ወዲያና ወዲህ ሲያጣጥፉት መታጠፊያው እንደሚግል ያውቃሉ። የጎደለ ጎማም በየዙሩ ጎኑ እየተጣጠፈ ይሄዳል፤ በፍጥነት መንገድ ላይ ደግሞ ይህ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ይደጋገማል። ውስጡ ያለው ክርና ሽቦ ከላስቲኩ መላቀቅ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ነው «ጎማ ፈነዳ» የሚባለው።

ስለዚህ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ሰመራ ሊወርዱ ሲነሡ «ቆላ ነው፣ ትንሽ ንፋስ አስቀንስ» የሚል መካሪ ካጋጠመዎ አመስግነው ይለፉት። ምክሩ ከቅን ልብ ይመጣል፤ ውጤቱ ግን ጎማውን በሚጠላው ሁኔታ፣ ማለትም ጎድሎ በሙቀት መንገድ እንዲሮጥ ማድረግ ነው። ደግሞም ሒሳቡ አያስፈራም። መለኪያ የሚነግረን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል የውጭው አየር የሚጫነን በ11 ፒኤስአይ (ጎሚስታው በሚቆጥርበት መለኪያ) ገደማ ነው፤ ወደ 1,000 ሜትር ዝቅ ብላ በተቀመጠችው አዋሽ 13 ይሆናል። ስለዚህ መውረዱ ብቻውን ከመለኪያው ላይ 2 ይቀንሳል። በሌላ በኩል ሙቀቱ ከ15 ወደ 33 ዲግሪ ሲወጣ ወደ 3 ይጨምራል። በ33 የተነሣው ጎማ አዋሽ ደርሶ፣ አርፎ ሲበርድ 34 ቢያነብ ነው። በመንገድ ላይ እያለ ከዚህ በላይ ይወጣል፤ ሠሪዎቹ ይህን አውቀው ነው ቁጥሩን የወሰኑት።

የትኛውን ቁጥር? እዚህ ላይ ስሕተቱ የአብዛኞቻችን ነው። ጎማው ጎን ላይ በደቃቁ የታተመውን፣ ብዙ ጊዜ 44 ወይም 51 የሚለውን ቁጥር እናያለን። እሱ ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ግፊት ነው፤ እንዲሞላ የታዘዘው አይደለም። መኪናዎ የሚፈልገው ቁጥር የሹፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ በመጡ መኪኖች ወረቀቱን በግራ በኩል ፈልገው ካጡት ተስፋ አይቁረጡ፤ በቀድሞው የሹፌር በር፣ ዛሬ ጋቢና የተቀመጠው ሰው በሚገባበት በኩል ይፈልጉት። ጽሑፉ ጃፓንኛ ቢሆንም ቁጥሩ ቁጥር ነው። 230 የሚል ካዩ ኪሎ ፓስካል ነው፤ ለ7 ያካፍሉት፣ 33 ይመጣል። ጎሚስታው «ሠላሳ ሦስት» ሲል የሚቆጥረው በዚህ በፒኤስአይ ነው። የፊቱና የኋላው ቁጥር ሊለያይ እንደሚችል ልብ ይበሉ፤ በሰርቪስ ጊዜ ጎማ ሲቀያየር ንፋሱ አብሮ ካልተስተካከለ የፊቱ ንፋስ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። «ለሁሉም መኪና 35» የሚባለው ልማድ ለጎሚስታው ይቀለዋል እንጂ ለመኪናዎ አልተለካም።

ቁጥር እንዴት የክርክር ምንጭ እንደሚሆን አሜሪካ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2000 የጎማ አምራቹ ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከገበያ ጠራ። አብዛኞቹ የተገጠሙት ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ ነበር፤ ጎማዎቹ በፍጥነት መንገድ ላይ ጥርሳቸው ተገሽልጦ ይወጣ፣ መኪናውም ይገለበጥ ነበር። ፎርድ ለባለቤቶች የመከረው 26 ፒኤስአይ ነበር፤ ፋየርስቶን ደግሞ 30 ይሻላል አለ። አንዱ ጎማውን፣ ሌላው መኪናውንና የንፋሱን ማነስ ሲወቅስ ኮንግረሱ በዚያው ዓመት ሕግ አወጣ። ዛሬ ዳሽቦርዱ ላይ በውስጡ ቃለ አጋኖ ያለበት ቢጫ መብራት የሚበራው የዚያ ሕግ ልጅ ነው።

መብራቱ መልካም ነው፤ ግን ዘግይቶ ነው የሚናገረው። የአሜሪካው መስፈርት እንዲበራ የሚያስገድደው ንፋሱ ከታዘዘው 25 በመቶ ሲጎድል ነው። 33 መሆን የነበረበት 25 ገደማ እስኪደርስ ዝም ሊል ይችላል። በአንዳንድ መኪኖች ደግሞ ጎማው ውስጥ መለኪያ የለም፤ ኮምፒዩተሩ የጎደለው ጎማ ከሌሎቹ ፈጠን ብሎ መዞሩን አይቶ ነው የሚገምተው። እንዲህ ያለው ሥርዓት ንፋስ በተነካ ቁጥር እንደገና መተዋወቅ ይፈልጋል። ጋራዥ ውስጥ የተዛባውን ንፋስ እንደ ልክ አድርገው የማስተዋወቂያውን ቁልፍ ከተጫኑት መኪናው ስሕተቱን ተምሮ ይወጣል።

አሁን ወደ ጋራዡ እንመለስ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የሚሠራው ለቀዘቀዘ ጎማ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ሰዓት የቆመ፣ ወይም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ያልተነዳ። እርስዎ ግን ከመገናኛ ተነሥተው በመጨናነቁ መሃል ነድተው ነው ጋራዥ የደረሱት። ጎማው ሞቋል፤ ግፊቱ በ4 ገደማ ከፍ ብሏል። መካኒኩ በቅን ልቦና «33» ብሎ ቢያስተካክለው ጎማው ሲቀዘቅዝ 29 ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ከነበረው ፀሐይ ወደ ንጋቱ ብርድ ሲገባም ሌላ 2 ይወርዳል። ከዚህም የሚብሰው ሞቆ 37 ያነበበውን ጎማ «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ ነው። የሞቀ ጎማ አይተነፈስም።

ስለዚህ የሰርቪሱ የመጨረሻ ሥራ የሚሠራው ቤትዎ ደጃፍ ላይ ነው፣ በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሞተሩ ሳይነሣ። የራስዎን መለኪያ ይግዙ፤ የጎሚስታው በቀን ስንት ጊዜ መሬት ላይ እንደሚወድቅ አይተዋል። አራቱንም ይለኩ፣ ይጻፉ። የጎደለ ካለ ቅርብ ወዳለው ጎሚስታ ሄደው ያስሞሉ። ሲደርሱ ሞቆ ከሆነ ቤት የለኩት በስንት እንደጎደለ አስልተው ያንኑ ያህል እንዲጨምር ይንገሩት፤ 3 ጎድሎ ከነበረ አሁን ካነበበው ላይ 3 ይጨምራል። ከዚያ ምራቅ ቀብቶ ቫልቮላው እንደማይተነፍስ ያሳይዎት፤ ክዳኑንም መልሶ ይግጠመው። ጤነኛ ጎማም በወር 1 ወይም 2 ፒኤስአይ ማጣቱ የተለመደ ስለሆነ በየወሩ መድገሙ አይበዛም። አንዱ ብቻ ቶሎ ቶሎ የሚጎድል ከሆነ ሚስማር ይፈልጉበት።

ጎማን በእግር መታ መታ አድርጎ «ደህና ነው» ማለት ይቅርብን። የከባድ መኪና ረዳት ጎማውን በዱላ እየመታ ሲያዳምጥ ሥራውን ያውቃል፤ ከተጣመሩት አንዱ ባዶ መሆኑን ድምፁ ይነግረዋል። 33ን ከ26 ለመለየት ግን ዱላም እግርም አይረዱም፤ ዓይንም ቢሆን በዛሬዎቹ ጎማዎች ይሸወዳል።

ኤሌክትሪክ መኪና የገዙት ደግሞ ከሁሉም በላይ ቢጠነቀቁ እላለሁ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ቁጥራቸው በየመንገዱ ይታያል። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ብዙዎቹ የሚፈልጉት ንፋስ ከለመድነው ከፍ ይላል። የሞተር ዘይት ስለሌላቸውም «5,000 ሞላ» ብሎ ጋራዥ የሚያስገባ ነገር የለም፤ በዘይት ቅያሪ ሰበብ ጎማውን የሚያይለት ሰው ቀረ ማለት ነው።

ስኮርታውንም ከኋላው ኮፈን ያውጡት። ቀጭኑ ጊዜያዊ ስኮርታ ከሆነ የሚፈልገው 60 ፒኤስአይ ነው፤ ጎኑ ላይ ተጽፏል። የእኔውን ባለፈው ወር ስለካው 20 ነበር።