እህላችንን የት እናስቀምጥ? በጓሮ ጎተራ ወይስ በኪራይ መጋዘን?

ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ያርሳል፤ ይዘራል፤ ያርማል፤ ያጭዳል፤ ይወቃል። እህሉ ከአውድማ ተነሥቶ ቤት ሲገባ «እፎይ፣ ተገላገልን!» ይባላል። ነገር ግን ሥራው ገና አላለቀም። ከአውድማ እስከ መሶብ ያለው መንገድ ረጅም ነው። በዚህ መንገድ ላይ ነቀዝ፣ አይጥ፣ ሻጋታ፣ እሳትና ሌባ ያደባሉ። ስለዚህ እህሉን የት እንደምናስቀምጥ ማሰብ እንደ ማረሱና እንደ ማረሙ ሁሉ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ከጥንት ጀምሮ በአገራችን እህል የሚቀመጠው በየቤቱ ነው። በብዙ ቦታ ከእንጨትና ከቀርከሃ የተሠራ፣ በጭቃና በእበት የተለሰነ ጎተራ በጓሮ ይቆማል። በቤት ውስጥም ከጭቃ የተሠራ ጎታ ይኖራል። በሐረርጌ ደግሞ ማሽላ በጉድጓድ ይቀበራል። ዛሬ ከእነዚህ ሌላ ምርጫ አለ። ይኸውም በአቅራቢያው የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም የግለሰብ መጋዘን ካለ፣ ኪራይ እየከፈሉ እህልን እዚያ ማስቀመጥ ነው። ታዲያ የትኛው ይሻላል?

«ይህ ይሻላል፤ ያኛው አይረባም» ብሎ በአንድ ቃል መመለስ አይቻልም። መልሱ የሚገኘው እህሉ ለምንና መቼ እንደሚፈለግ አስቀድመን ስንወስን፣ ቀጥሎም ወጪውን ሁሉ ስንደምር ነው።

1. እህሉ ለምን ይፈለጋል?

ከሁሉ በፊት እህሉን በሦስት እንክፈለው፤ የቀለብ፣ የዘርና የሽያጭ ብለን።

የቀለብ እህል በየጊዜው ይወጣል። ዛሬ ለእንጀራ ይፈጫል፤ ነገ ለንፍሮ ይዘገናል፤ ድንገት ለቅሶ ሲመጣ ይሰፈራል። ይህን እህል ከተማ ወስዶ መቆለፍ አይገባም። በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ሲሞላና መንገዱ ሲጨቀይ፣ እህሉ ከወንዝ ማዶ፣ ልጆች ከወንዝ ወዲህ ይቀራሉ። ክረምት ደግሞ በብዙ ቤት ጎተራ የሚመናመንበት ጊዜ ነው። የዘር እህልም ቢሆን ዝናቡ ሲጥል ወዲያው ይፈለጋል። የመጋዘን ጠባቂው ቁልፍ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ዝናብ አይጠብቅም። ስለዚህ የቀለቡም የዘሩም ቦታ ቤት ነው።

ለቀለብ ስንት ኩንታል ይበቃል? ይህን ከሁሉ ይልቅ የምታውቀው እመቤቲቱ ናት። በወር ስንት ቁና እንደሚፈጭ የምትሰፍረው እሷ ነቻ! ባል ብቻውን «ይህ ይበቃችኋል» ብሎ የቀረውን ቢጭን፣ በጥር በርካሽ የሸጠውን ዓይነት እህል በሐምሌ በውድ ዋጋ ለመግዛት ይገደዳል። በመሆኑም ባልና ሚስት ተመካክረው መወሰን አለባቸው።

እንግዲህ ጎተራ ወይስ መጋዘን የሚለው ጥያቄ በተለይ የሚነሣው ስለ ሽያጭ እህል ነው።

2. የጓሮ ጎተራ

የጎተራ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ኪራይ የለበትም። ከዓይን አይርቅም። በፈለጉት ቀን ይከፈታል። ጉዳቱ ግን ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ቶሎ አይታይም። ዋናው የጎተራ ጠላት ነቀዝ ነው። ጤፍ ፍሬው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እምብዛም አይጎዳውም። በቆሎና ማሽላ ግን በቀላሉ ይጠቃሉ። ሴቲቱ ነቀዝ ፍሬውን ትቦረቡርና እንቁላሏን በውስጡ ትጥላለች። ቀዳዳውንም መልሳ ትደፍናለች። ትሉ ፍሬውን ከውስጥ እየበላ ያድጋል። ሙቀት ባለበት ቦታ አምስት ሳምንት ያህል ሲሆነው ነቀዝ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከላይ ንጹሕ የሚመስል እህል በውስጡ ጠላት ሊይዝ ይችላል።

ሁለተኛው ጠላት ርጥበት ነው። ሳይደርቅ የገባ እህል ይሞቃል፤ ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ በመቀቀልና በመጋገር ተሟጦ አይጠፋም። ጉበትንም ይጎዳል። የሻገተውን እህል ለሰው ቀርቶ ለከብትም መስጠት አደጋ አለው።

እህሉ መድረቁን ለማወቅ የሚከተለውን ቀላል ዘዴ መጠቀም ይቻላል። ንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ እንውሰድ። ሲሶውን ያህል እህል እንጨምርበት። ጥቂት ደረቅና ደቃቅ ጨው እናክልበት። ከድነን ጥቂት ደቂቃ እንወዝውዘውና እናስቀምጠው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና ርጥብ ነውና እንደገና ይሰጣ። ካልተጣበቀ ለማስቀመጥ ደርሷል።

ጎተራው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። በእግሮቹ ላይ እንደ ተደፋ ቅምጫና የተጠቀለለ ቆርቆሮ ቢገጠም አይጥ መውጣት ያቅታታል። ከዛፍና ከግድግዳም ራቅ ይበል፤ አለዚያ አይጧ ዘላ ትገባለች። አዲስ እህል ከመግባቱ በፊት አሮጌው ተጠርጎ ይውጣ። በስንጥቁ ውስጥ የተደበቀ የዓምና ነቀዝ የዘንድሮውን ይበላልና።

ሌላም መፍትሔ አለ። የአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሜሩን ለጥራጥሬ የሞከሩት ሦስት ንብርብር ከረጢት ዛሬ በአገራችንም ይታወቃል። ከውስጥ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች፣ ከላይ ደግሞ የተለመደው ማዳበሪያ አለው። የደረቀ እህል ሞልተው እያንዳንዱን ለየብቻ ጠበቅ አድርገው ሲያስሩት አየር አይገባም። ነቀዙም አየር አጥቶ ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልገውም። ፕላስቲኩ ከተቀደደ ግን ጥቅም የለውም። ስለዚህ ከአይጥና ከሹል ነገር ይጠበቅ።

ስለ መድኃኒት አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ፎስፊን የተባለውን ጋዝ የሚያወጣውን ክኒን ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ በጭራሽ መጠቀም አይገባም። ጋዙ ነቀዝን እንደሚገድል ሁሉ ሰውንም ይገድላል። ይህ የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው።

3. የኪራይ መጋዘን

በሚገባ የተያዘ መጋዘን ጣራው አያፈስም። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደረደራል። ዘበኛም አለው። እህሉ ለገበያ ቅርብ ይሆናል። የብዙ ገበሬዎች እህል አንድ ላይ ሲሆን ትልቅ ገዢ ይመጣል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው ነው።

ነገር ግን መጋዘን ስለተባለ ብቻ ሁሉም ጥሩ ነው ማለት አይደለም። የሚያፈስ መጋዘን ከጎተራ ይብሳል። የጎረቤት ነቀዛም ጆንያ ከእኛ ጆንያ አጠገብ ከተደረደረ ነቀዙ ይሻገራል። እህላችን ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ያስገባነውን ያንኑ ሳይሆን ሌላ ልንቀበል እንችላለን። ስለዚህ ከመስማማት በፊት ገብቶ ማየት ይገባል። ጣራውን ቀና ብለን እንይ። ጆንያውን እናገላብጥ። የአይጥ ኩስ መኖሩን እንመልከት። ሚዛኑ ባዶውን ሲሆን ዜሮ ላይ መቆሙን እናረጋግጥ።

4. ሒሳቡን እንሥራ

አንድ ቤተሰብ 20 ኩንታል በቆሎ አመረተ እንበል። 12 ኩንታል ለቀለብና ለልዩ ልዩ ጉዳይ አስቀረ። 8 ኩንታል ለሽያጭ አለው። የሚከተሉት ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። እያንዳንዱ ሰው የአካባቢውን ዋጋ ይተካበት።

በጥር የአንድ ኩንታል ዋጋ 3,000 ብር ነው። ወዲያው ቢሸጥ 8 ጊዜ 3,000፣ 24,000 ብር ያገኛል። ስድስት ወር ቆይቶ በሐምሌ ዋጋው 3,800 ብር ሆነ።

ሀ. በተራ ጎተራ ቢያስቀምጥ፦ ነቀዝ ከአሥር አንዱን ቢበላ 7.2 ኩንታል ይቀራል። የተነቀዘ ስለሆነም ገዢው በኩንታል 400 ብር ቀንሶ 3,400 ብር ይሰጣል። ጠቅላላው 24,480 ብር ይሆናል። የስድስት ወር ጥበቃ ትርፉ 480 ብር ብቻ ሆነ ማለት ነው።

ለ. በመጋዘን ቢያስቀምጥ፦ ኪራይ ለአንድ ኩንታል በወር 20 ብር ቢሆን፣ ለ8 ኩንታል ለስድስት ወር 960 ብር ነው። ለጫኝና አውራጅ በኩንታል 50 ብር ቢከፍል 400 ብር ነው። ወጪው በድምሩ 1,360 ብር ይሆናል። እህሉ ሳይጎድል በ30,400 ብር ቢሸጥ፣ ወጪው ተቀንሶ 29,040 ብር ይቀራል። ትርፉ 5,040 ብር ነው።

ሐ. በቤቱ በሦስት ንብርብር ከረጢት ቢያስቀምጥ፦ የአንዱ ከረጢት ዋጋ 150 ብር ቢሆን ስምንቱ 1,200 ብር ነው። ቀሪው 29,200 ብር ይሆናል። ትርፉ 5,200 ብር ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? «ጎተራ ነፃ ነው» የሚባለው እውነት አይደለም። ነቀዝም ኪራይ ያስከፍላል፤ ደረሰኝ ግን አይሰጥም። በቤት በጥንቃቄ የተያዘ እህል ከመጋዘኑ ጋር ተቀራራቢ ትርፍ ይሰጣል። ሌባ የሚያሰጋው ወይም ቤቱ ጠባብ የሆነበት ሰው ግን ለመጋዘን የሚከፍለው ገንዘብ አይቆጨውም።

ሌላም ነገር ልብ እንበል። ዋጋ ሁልጊዜ አይጨምርም። በሐምሌ ዋጋው 3,100 ብር ብቻ ቢሆን፣ መጋዘን ያስቀመጠው ሰው ወጪውን ከፍሎ 23,440 ብር ይቀረዋል። በጥር ከሸጠው ሰው 560 ብር ያንሳል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው እንዳይደርስ፣ የሽያጩን እህል በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከፋፍሎ መሸጥ ብልኅነት ነው።

5. ደረሰኙን እናንብብ

እህል ለመጋዘን ሲሰጥ ደረሰኝ መቀበል ግድ ነው። ደረሰኙ ላይ የባለቤቱ ስም፣ የእህሉ ዓይነትና ደረጃ፣ በኪሎ ክብደቱ፣ የገባበት ቀን፣ የኪራዩ መጠንና የሚቆይበት ጊዜ ይጻፍ። እህሉ ቢጎድል ወይም ቢቃጠል ማን እንደሚከፍል በውሉ መገለጽ አለበት። የእህሉ ባለቤቶች ባልና ሚስት ከሆኑ የሁለቱም ስም ይስፈር። አለዚያ ባል ቢሞት ወይም ቢጣሉ፣ ሚስት በላቧ ያገኘችውን እህል ለማውጣት ደጅ መጥናት ይሆንባታል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 372 የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓትን ደንግጓል። በዚህ ሥርዓት ፈቃድ ያለው መጋዘን የሚሰጠው ደረሰኝ ለብድር መያዣ ሊሆን ይችላል። ገበሬውም ለቸገረው ገንዘብ ሲል እህሉን በርካሽ ከመሸጥ ይድናል። ይህ ግን ማንኛውም ባለ መጋዘን ጽፎ ለሚሰጠው ወረቀት አይሠራም። ስለዚህ «ፈቃድ አላችሁ ወይ? ፈቃዱን አሳዩን» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ፊደል መቁጠር ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። ማንበብ የማይችል ሰው «8 ኩንታል ነው» ሲሉት አምኖ ጣቱን ቀለም ነክሮ ይፈርማል። ወረቀቱ ላይ 7 ተጽፎ ቢሆን ማን ይነግረዋል? ማንበብ የሚችል ሰው ግን ደረሰኙን ራሱ አንብቦ፣ ቁጥሩን ከሚዛኑ ጋር አስተያይቶ፣ ከዚያ ስሙን ይጽፋል። እህሉ በጓሮም ይሁን በመጋዘን፣ ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ በደብተር መመዝገብ ይገባል።

ጥያቄዎች

1. የቀለብና የዘር እህል በቤት እንዲቀመጥ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?
2. እህል መድረቁን በጨው እንዴት ማወቅ ይቻላል?
3. 5 ኩንታል እህል ለ4 ወር በመጋዘን ቢቀመጥና ኪራዩ በኩንታል በወር 20 ብር ቢሆን ስንት ብር ይከፈላል?
4. በመጋዘን ደረሰኝ ላይ መጻፍ ያለባቸውን አምስት ነገሮች ጻፉ።
5. በአካባቢያችሁ ያለውን የእህል ዋጋና የመጋዘን ኪራይ ጠይቃችሁ፣ ለራሳችሁ ቤት ሒሳቡን ሥሩ። የትኛው ያዋጣችኋል? ከቤተሰባችሁ ጋር ተወያዩበት።