ትንሿ ምስል ስትሰወር ፎቶው ጠፍቷል ማለት አይደለም

በዚህ እትም የኮምፒውተር ትምህርታችን የምናነሣው ጉዳይ ከቅርብ ወራት ወዲህ ወደ ኮምፒውተር ክፍላችን ከሚመጡት ጥያቄዎች ሁሉ የበዛው ነው። ጥያቄው ባጭሩ «ዊንዶውስን ወደ አዲሱ ካሳደግን በኋላ ፎቶዎቻችን ጠፉ» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፎቶዎቹ አልጠፉም። የጠፋችው ፎቶውን ሳንከፍት መልኩን የምታሳየን ትንሿ ምስል ናት። ይህን ልዩነት አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በዓይናችን ስላየን ነገሩን ሰፋ አድርገን እንመለከተዋለን።

ጥያቄው አሁን የበዛበት ምክንያት አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 10 ያለው ኮምፒውተር በማግሥቱ ሥራውን አልተወም፤ ሆኖም ብዙ ሰው ሰምቶ ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር ተጣድፏል። አዲሱ ዊንዶውስ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት መሣሪያ ይጠይቃል። ከናይሮቢ ተገዝተው ከሚመጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ይህን አያሟሉም። አንዳንዱ ጠጋኝ አሮጌውን እንዳለ ያሳድጋል፤ ሌላው ደግሞ ዲስኩን ጠርጎ እንደ አዲስ ይጭናል። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ ላፕቶፓችሁን ከማስረከባችሁ በፊት የትኛው እንደሚደረግላችሁ ጠይቁ።

ትንሿን ምስል በኮምፒውተር ቋንቋ «ተምኔይል» ይሏታል፤ የአውራ ጣት ጥፍር ማለት ነው፤ ትንሽነቷን ለመግለጽ የተሰጠ ስም ነው። አሠራሯን ለመረዳት በየቢሮው ያለውን የወረቀት ፋይል እናስብ። በፋይሉ ሽፋን ላይ ጉርድ ፎቶ ተለጥፎ ይሆናል። ጸሐፊው ሁሉንም ፋይል ሳይከፍት ባለቤቱን የሚለየው በዚያች ጉርድ ፎቶ ነው። ሙጫው ለቆ ጉርዷ ብትወድቅ ውስጥ ያለው ሰነድ አንድም ገጽ አይጎድልም። ኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው። ፎልደር ስንከፍት እያንዳንዱን ፎቶ አንብቦ ትንሽ ቅጂ ይሠራና ለሚቀጥለው ጊዜ በሌላ ስውር ቦታ ያስቀምጣታል። በቀድሞው ዊንዶውስ ኤክስፒ ይህ ማከማቻ በየፎልደሩ ውስጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ግን ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል። ዊንዶውስ ሲቀየር ይህ ማከማቻ ሊበላሽ ወይም ባዶ ሊሆን ይችላል። ፎቶዎቹ ግን የሚኖሩት በሌላ ቦታ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልለው መጡ። ልጃቸው ወደ ሌላ አገር ከመሄዱ በፊት የድሮ የወረቀት ፎቶዎችን ስካን አድርጎ ያስቀመጠላቸው ነው። የሟች ባለቤታቸው ፎቶ፣ የልጆቹ የጥምቀት ቀን፣ የትምህርት ማስረጃዎችና የምዝገባ ወረቀቶች ምስል ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። የወረቀቶቹ ዋና ቅጂ በጉዞ ላይ ጠፍቷል። ዊንዶውሱ ከተቀየረ በኋላ ፎልደሩን ሲከፍቱ ሁሉም አንድ ዓይነት ምልክት ሆኖ ጠበቃቸው። አንድ ጠጋኝ «ፎርማት መደረግ አለበት» ብሎ ዋጋ ነግሯቸዋል፤ ገንዘቡንም ከጎረቤት ተበድረው ይዘዋል።

«ልጆቼ፣ ባለቤቴን መልሱልኝ» አሉን።

«እማማ፣ እስቲ መጀመሪያ አንዱን እንክፈተው» አልናቸው።

ሁለት ጊዜ ክሊክ ስናደርግ ፎቶው ስክሪኑን ሞልቶ ወጣ። እማማ ብዙ አልተናገሩም፤ ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ። ያ ላፕቶፕ ፎርማት ቢደረግ ኖሮ በዚያው ዕለት ሁሉም ነገር በእርግጥ ይጠፋ ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምርመራ ይኸው ነው። ፎቶውን ክፈቱት። ከተከፈተ በሽታው የትንሿ ምስል ብቻ ነው። ካልተከፈተ በፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን በመምረጥ መጠኑን እዩ። በስልክ የተነሣ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜጋባይት በላይ ነው። መጠኑ ዜሮ ከሆነ ፋይሉ ባዶ ነው፤ ያ ሌላ ችግር ነው። ከዚህ በኋላ ምንም ነገር ከመነካካታችሁ በፊት ሁሉንም ፎቶ ወደ ፍላሽ ዲስክ ኮፒ አድርጉ። «ከት» ሳይሆን «ኮፒ» ማለታችንን ልብ በሉ። ኮፒው ካለቀ በኋላ ፍላሹን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ጥቂቱን ተመልከቱ። ፍላሽ ከሌላችሁ ክፍላችን እያዋሰ ነው።

አሁን ወደ ማስተካከሉ እንሂድ። አንዳንዴ ነገሩ ከቁም ነገር የማይቆጠር ሆኖ ይገኛል። ፎልደሩ ስም ብቻ በሚዘረዝር አቀማመጥ ላይ ከሆነ ትንንሾቹ ምስሎች አይታዩም። ፎልደሩን ከፍታችሁ ኮንትሮልና ሺፍትን እንደያዛችሁ 2 ቁጥርን ብትጫኑ ምልክቶቹ ይተልቃሉ። በዚህ ብቻ ችግሩ የተፈታላቸው ጥቂት አይደሉም።

ካልሆነ በዊንዶውስ 11 የፎልደሩ መስኮት አናት ላይ ሦስት ነጠብጣቦች አሉ። እነርሱን ተጭናችሁ «ኦፕሽንስ» የሚለውን ክፈቱ፤ ቀጥሎ «ቪው» ወደሚለው ገጽ እለፉ። በዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ «ኦልዌይስ ሾው አይከንስ፣ ኔቨር ተምኔይልስ» የሚል አለ። ትርጉሙ «ሁልጊዜ ምልክት ብቻ አሳይ፣ ትንንሽ ምስሎችን ፈጽሞ አታሳይ» ማለት ነው። በሳጥኑ ውስጥ የራይት ምልክት ካለ አንሡት፤ «አፕላይ»ንም ተጫኑ። በዊንዶውስ 10 «ኦፕሽንስ» የሚገኘው ከላይ ባለው «ቪው» በሚለው ሥር ነው፤ የቀረው አንድ ነው።

ይህን ሳጥን ማን ይዘጋዋል? ብዙ ጊዜ ጠጋኙ ነው፤ በክፋት ግን አይደለም። አቅሙ ደካማ የሆነ ኮምፒውተር እንዲፈጥን ሲል «አጀስት ፎር ቤስት ፐርፎርማንስ» የሚለውን ይመርጣል፤ ይህም ትዕዛዝ ጌጡን ሁሉ ሲያጠፋ ትንንሾቹን ምስሎችም አብሮ ያጠፋቸዋል። ለማስተካከል «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «አባውት»፣ ከዚያም «አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ» በሚለው ግቡ። «ፐርፎርማንስ» ከሚለው ሥር ያለውን «ሴቲንግስ» ስትከፍቱ «ሾው ተምኔይልስ ኢንስቴድ ኦፍ አይከንስ» የሚለውን ታገኛላችሁ። እርሱን ብቻ መርጣችሁ ሌላውን እንደተዘጋ ብትተዉት ኮምፒውተሩም ብዙ አይከብደውም።

ሁለቱም ትክክል ሆነው ምስሎቹ ካልመጡ ማከማቻው ተበላሽቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ማጽዳት ያስፈልጋል። «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ስቶሬጅ»፣ ከዚያም «ቴምፖራሪ ፋይልስ» ስትሉ ባለሳጥን ዝርዝር ይመጣል። ከዝርዝሩ «ተምኔይልስ» የሚለው ብቻ እንዲመረጥ አድርጉ፤ አስቀድሞ ራይት የተደረገባቸውንም ሁሉ አንሡ። ከዚያ «ሪሙቭ ፋይልስ» በሉ። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩት ትንንሾቹ ምስሎች እንደገና መሠራት ይጀምራሉ። ፎቶው ብዙ ከሆነ ጊዜ ይወስዳልና የሶላሩ ኃይል ሊያልቅ ሲል አትጀምሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብን። ቀደም ባለ አንድ የትምህርት ዙር ስለ ማጽዳት ስናስተምር «ሁሉንም ምረጡና አጥፉ» ብለን ነበር። ያን ጊዜ ያሰብነው ቦታ ስለማስለቀቅ ብቻ ነበር። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ግን «ዳውንሎድስ» የሚል ሳጥን አለ፤ ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ነገር ሁሉ የሚቀመጥበት ፎልደር ነው። ከተማሪዎቻችን አንዱ እንዳስተማርነው አደረገ። ከእህቱ የመጡለት የሠርግ ፎቶዎች ከዚያ ፎልደር ወጥተው አልተቀመጡም ነበርና አብረው ጠፉ። ብዙ ሞክረን ጥቂቱን ብቻ አገኘንለት። ከዚያ ወዲህ «ሁሉንም» የሚለውን ቃል ከክፍላችን አውጥተናል።

በዚያው ዝርዝር ከዚህ የባሰም አለ። «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን» የሚለው አሮጌው ዊንዶውስ የተቀመጠበት ነው። «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚባል ፎልደር ሆኖ በሲ ድራይቭ ላይ ይገኛል። አንዳንድ ጊዜ ፋይሎቹ ወደ አዲሱ ሳይተላለፉ «ዩዘርስ» በሚለው ንዑስ ፎልደር ውስጥ፣ በቀድሞ ስማችሁ ሥር ቀርተው ይገኛሉ። ዊንዶውስ ከተሻሻለ 10 ቀን በኋላ ይህን አሮጌ ቅጂ በራሱ ያጠፋዋል። ስለዚህ የፎቶው ፎልደር ጭራሹን ካልታየ ቀን ሳታሳልፉ እዚያ ፈልጉ፤ አግኝታችሁ ኮፒ ሳታደርጉም ያን ሳጥን አትንኩ።

አንዳንዱ ፎቶ ሲታይ ሌላው የማይታይ ከሆነ ጥርጣሬያችን ወደ ፋይሉ ዓይነት ይሄዳል። ዘመዶቻችሁ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በአይፎን አንሥተው የሚልኩት ፎቶ «ኤችኢአይሲ» የሚባል ዓይነት ሊሆን ይችላል። አይፎን ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እንደ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ይህን ዓይነት ለማንበብ ከማይክሮሶፍት ስቶር ተጨማሪ ፕሮግራም ሊፈልግ ይችላል። ለእኛ ቀላሉ መንገድ ግን ላኪውን መለመን ነው። በአይፎኑ «ሴቲንግስ»፣ «ካሜራ»፣ «ፎርማትስ» ገብቶ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ቢመርጥ ከዚያ በኋላ የሚያነሣቸው ፎቶዎች በየትኛውም ኮምፒውተር የሚከፈት «ጄፔግ» ይሆናሉ።

በፋይሉ አጠገብ የትንሽ ደመና ምልክት ካያችሁ ደግሞ ፎቶው በላፕቶፑ ላይ ሳይሆን «ዋንድራይቭ» በሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ነው ያለው። አዲሱ ዊንዶውስ ሲጫን በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባችሁ የፎቶ ፎልደራችሁን ወደዚያ ሊያዛውረው ይችላል። ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት አይከፈትም። መረቡ ደህና በሆነበት ቀን በፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ» በሉ፤ ወርዶ በላፕቶፑ ላይ ይቀመጣል። ዳታ ይበላልና ፎቶው ብዙ ከሆነ በክፍላችን መረብ ብታወርዱት ይሻላል።

እማማ ፎቶዎቻቸውን በሁለት ፍላሽ ይዘው ሄደዋል፤ አንዱ ጎረቤታቸው ዘንድ ነው። የተበደሩትንም ገንዘብ መልሰዋል። ተመሳሳይ ችግር የገጠማችሁ ከሰዓት በኋላ ብቅ ማለት ትችላላችሁ። ስትመጡ ቻርጀራችሁንና፣ ካላችሁ፣ ባዶ ፍላሽ ያዙ፤ የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል ደግሞ በቃላችሁ ያዙት እንጂ በወረቀት ጽፋችሁ ላፕቶፑ ላይ አትለጥፉ።