የአዲስ አበባዋ ውሻ ሕፃኑን ታጉረመርምበታለች

«እትዬ፣ የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው። እኔም ባለቤቴም መምህራን ነን። መስከረም ላይ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ማልቲዝ ከሚባለው ዝርያ የሆነች፣ ነጭ፣ ጸጉረ ረጅም፣ ድመት የምታክል እንስት ውሻ ለልጆቼ አመጣችላቸው። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጄ ከእሷ ጋር ተኝታ ከእሷ ጋር ትነሣለች። የሦስት ዓመቱ ወንድሟ ሲቀርባት ግን ታጉረመርምበታለች። ትናንት እጁ ላይ ጥርሷን አሳረፈችበት፤ ደም አልወጣም። ክትባቷን እህቴ ያስከተበቻት መሰለኝ። እኛ ወጣ ስንል በር ሥር ሆና ታላዝናለች፤ እንግዳ ሲመጣ ቤቱን በጩኸት ትሞላዋለች። ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ ‹የውሻ ቦታው ደጅ ነው፤ የጸሎት መጽሐፍ ባለበት ቤት ምን ትሠራለች?› ብለው ፊት ነሥተውናል። እንዝርታቸውን ይዘው ምድጃ ዳር ሲቀመጡ ግን ውሻዋ የጋቢያቸው ጫፍ ላይ ትጠቀለላለች፤ ሲያባርሯት አላየሁም። ባለቤቴ ደግሞ ጓሳ ተራራ አጠገብ በግ ለሚያረቡት አጎቱ እንስጣት ይላል። ጠባይዋ የተበላሸ ነው? ምን ይመክሩኛል?»

ግራ የገባኝ፣ ከመሐል ሜዳ

እህቴ፣ ከጠባይዋ በፊት ክትባቷ ይቅደም። በዚህ ጉዳይ «መሰለኝ» አይሠራም። እህትሽ የክትባት ወረቀቷን ዛሬውኑ በስልክ ፎቶ አንሥታ ትላክልሽ። ወረቀት ከሌለ እንዳልተከተበች ቁጠሪው። ሕፃኑንም ደም ወጣ አልወጣ ሳትዪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። የውሻ ጥርስ ያረፈበትን ገላ ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ ያስፈልጋል፤ ትናንት ካልታጠበ አሁንም እጠቢው። ጠበል ይውሰዱት የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ ይውሰዱት፤ ክትባቱ ግን በጠበሉ አይተካ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ውሻዋን ደግሞ 10 ቀን በዓይን ጠብቋት። እስከዚያ ጤነኛ ከሆነች ጥርሷን ባሳረፈችበት ዕለት በምራቋ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። ይህን ግን ለሐኪሙ ንገሪው፤ ወሳኙ እሱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጠባይዋ አልተበላሸም። የእናንተ አገር ውሻ የተፈጠረው ለጅብና ለሌባ ነው። ማልቲዝ ግን በግ እንድትጠብቅ ታስባ አልተራባችም። ለብዙ ዘመን የተመረጠችው ለሰው ጭን ነው። ክብደቷ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ነው፤ ሥራዋ አንድ ሰው መርጦ መከተል ነው። የምትከተለው ሰው ሲወጣባት የምታላዝነው ሥራ ስለፈታች ነው። እንግዳ ሲመጣ የምትጮኸውም ከእሷ የሚገዝፍ ፍጥረት ወደ ሰውዋ ሲመጣ ስላየች ነው። እናንተም አብራችሁ ስትጮኹባት የተባበራችኋት ይመስላታል። ዝም ብለሽ ወደ ውስጥ ጥሪያት፤ ጸጥ ስትል ቁራሽ ስጫት።

ማጉረምረሙ የደግ ውሻ ምልክት ነው ብልሽ ትገረሚያለሽ። «ተወኝ» ማለቷ ነው። ስታጉረመርም በጥፊ ካላችኋት ማጉረምረሙን ትተዋለች፤ ፍርሃቱ ግን ከእሷ ጋር ይቆያል፤ ቀጥሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ትነክሳለች። እስቲ ሕፃኑ እንዴት እንደሚይዛት ቁጭ ብለሽ ተመልከቺ። ብብቷን ቆንጥጦ ያንጠለጥላታል፣ የኋላ እግሮቿ አየር ላይ ይንፈራገጣሉ፣ ጸጉሯ በጣቱ ተጠምዷል፤ ይህንን ሳላይ የምናገረው የሦስት ዓመት ልጅ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ ነው። ከደረቱ ላይ ብትወድቅ አጥንቷ ሊሰበር ይችላል፤ እሷም ይህን የምታውቅ ይመስላል። ስለዚህ ቆሞ አያንሣት። መሬት ተቀምጦ እጁን ይዘርጋ፣ እሷ ከፈለገች ትምጣ። ስትበላና ስትተኛ አይንካት። ሁለቱን ብቻቸውን ጥለሽ ጓዳ አትግቢ፤ ቡና ለመቁላትም ቢሆን። እውነቱን ለመናገር ለሦስት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለች ውሻ ማምጣት አይመከርም፤ እህትሽ ነጭነቷን አይታ ነው የመረጠቻት። አንዴ ከመጣች ግን ልጁን የምናስተምረው እኛ ነን።

የምታበሏትን አልጻፍሽልኝም፤ ገምቼ ልናገር። ሽሮ በእንጀራ ፈትፍታችሁ እየሰጣችኋት ከሆነ ተዉ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል፤ ለ3 ኪሎ ውሻ ደግሞ ጥቂቱም ይበዛባታል። ጨውና ቅመም የሌለው የገብስ ገንፎ ከተቀቀለ ሥጋ ጋር ብትሰጪያት ይሻላል። በግ ሲታረድ ጥሬ ሳንባና ጉበት አትወርውሩላት፤ ውኃ የቋጠረ ነገር ያለበትን ደግሞ ቅበሩት። በዚያ የሚተላለፈው ትል በውሻ ሆድ አድጎ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሯ ወደ ልጆች አፍ ሊደርስና በሰው ጉበት ውስጥ ሊያብጥ ይችላል። አብራት ለምትተኛ ልጅሽ ስትዪ የትል መድኃኒቷን በጊዜው ስጫት።

ዐቢይ ጾምም እየቀረበ ነው። በቤታችሁ ለ55 ቀን ሥጋ አይበስልም፤ ውሻዋ ግን 55 ቀን በሽሮ አትኖርም። ለእሷ የተለየች አንዲት ድስት አስቀምጪና እንቁላል ቀቅይላት። «የነነዌ ከብቶች ጾመዋል» የሚልሽ ካለ፣ እነሱ የጾሙት ሦስት ቀን ነው በይው።

ብርዱን አትርሺ። መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ የማልቲዝ ጸጉር ደግሞ ረጅም ቢሆንም ከሥሩ የሚያሞቅ ሁለተኛ ጸጉር የለውም። የአገራችሁ የመንዝ በግ ውርጩን የሚችልበት ሱፍ እሷ ዘንድ የለም። ከአሮጌ ባና ጥግ ላይ ቁራጭ ቀድደሽ ሽፋን ስፊላት፣ ማታ ለሽንት ስትወጣም አብሯት ሰው ይውጣ፤ ጅቡ አይርቅም።

አሁን ወደ አማትሽ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ደግሜ ያነበብሁት የጋቢውን ነገር ነው። ውሻዋ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው ፈልጋ ያገኘችው እሳቸውን ነው። እሳቸውም አላባረሯትም። ስለዚህ አትከራከሪያቸው፤ ድንበሩን እንዲያበጁ ጠይቂያቸው። «እማማ፣ ከየት ወዲያ አትለፍ?» በያቸው። ከመሶቡ ትራቅ ካሉ ትራቅ፤ የጸሎት መጽሐፋቸው ካለበት መደብ ላይ አትውጣ ካሉ አትውጣ። እናንተ የምታከብሩት ሥርዓት ከኖረ ውሻዋም በሳምንታት ውስጥ ትለምደዋለች። ቀን ቀን ወደ ደጅ የሚያወጧት፣ እህል የሚሰጧትም እሳቸው ቢሆኑ ማላዘኑ ይቀንሳል። ጃንሆይ ሉሉ የሚባል ትንሽ ቺዋዋ ውሻ እንደነበራቸው ጣል አድርጊላቸው። የሸዋ ነገሥታት ግንድ ከመንዝ መሆኑን አንቺ አትንገሪያቸው፤ እሳቸው ይነግሩሻል።

የባለቤትሽን ሐሳብ ግን አልቀበልም። አጎቱ ደግ ሰው ይሆናሉ፤ ቦታው ግን ለእሷ አይሆንም። ከበግ ጠባቂ ውሾች ጋር ሌሊት ብትወጣ አታድርም። ሌላም ነገር አለ። ጓሳ ላይ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 ያነሰ ነው፤ ያለውም በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ከትልልቅ ጠላቶቹ አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ አብዛኞቹን የዌብ ሸለቆ ቀበሮዎች ጨርሷል። ክትባቷ «መሰለኝ» የሆነ ውሻ ጓሳ ዳር አይሰደድም። ማሳደግ ካቃታችሁ ወደ አዲስ አበባ ትመለስ፤ ያመጣቻት እህትሽ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። እንስት መሆኗን ጽፈሻል። ስድስት ወር ገደማ ከሞላት ጀምሮ በዓመት አንድ ሁለቴ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ይመጣል፤ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። የሰፈር ውሻ ካገኛት ከ63 ቀን ገደማ በኋላ ከአቅሟ በላይ የሆነ ቡችላ ልትወልድ ትችላለች፤ ምጡ ሊገድላት ይችላል። በዚያ ሰሞን ከቤት አትውጣ፤ ዘላቂው መፍትሔ ግን ማምከን ነው። ለእሱም ለክትባቱም ደብረ ብርሃን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ፤ ካልሆነም ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ባለቤትሽ ወደ አጎቱ ሊወስዳት ያሰበባትን ቀን ለዚህ ያውላት።