ቀኑ ካልታወቀ ምን ይዤ ልጠብቅ?

ጋሼ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ጠያቂያቸው በሲቪል ምሕንድስና ተመርቃ ሥራ የምትፈልግ የኮልፌ ጎረቤታቸው ናት።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ደከመኝ። ሰው ሁሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል፤ መቼ እንደሚፈለፈል ግን የሚነግረኝ የለም። ማስታወቂያው ሁሉ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ዜሮ ዓመት የሚል ሲወጣ ደግሞ ሰልፉ አያልቅም።

ጋሼ፦ የደከመሽ ፍለጋው ነው ወይስ ቀኑን አለማወቅሽ?

ወጣቷ፦ ቀኑን አለማወቄ። በመስከረም እቀጠራለሁ ብዬ ነበር፤ አለፈ። ከገና በኋላ አልኩ፤ እሱም አለፈ። አሁን ሲቪዬን ማየት ራሱ ያስጠላኛል።

ጋሼ፦ አየሽ፣ ተስፋሽን ከቀን ጋር አስረሽዋል። ቀኑ ባለፈ ቁጥር እሱም አብሮ ይሄዳል። ቀኑን ሳያውቅ የጠበቀ ሰው ልንገርሽ፤ ኔልሰን ማንዴላ እኮ እዚሁ ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ወታደራዊ ሥልጠና ወስዷል፤ በፈረንጆቹ 1962። የምነግርሽ ዓመት ሁሉ በነሱ ነው። ስድስት ወር ሊሠለጥን መጥቶ በሁለት ወር ገደማ ተጠራ፤ አገሩ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ተያዘ። በ1964 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ከ27 ዓመት እስሩ 18ቱን ያሳለፈው ሮበን ደሴት ነው።

ወጣቷ፦ ዕድሜ ልክማ ጭራሽ ቀን የለውም። ታዲያ እንዴት ቻለ?

ጋሼ፦ በየዕለቱ አቅሙ የሚደርስበትን ነገር እየያዘ። አፍሪካውያን እስረኞች የሚሰጣቸው ቁምጣ ነበር፤ ህንዶቹና ክልሶቹ ግን ረጅም ሱሪ ይለብሱ ነበር። ማንዴላ ገና እንደገባ ሱሪ ይሰጠኝ ብሎ ሞገተ። ሲያመጡለት ጓደኞቹ እንዳልተሰጣቸው አየና «መልሱት» አለ። ሁሉም እስኪለብስ ዓመታት ፈጀ።

ወጣቷ፦ ሱሪና ነጻነት ምን አገናኛቸው?

ጋሼ፦ የሚፈታበት ቀን በእጁ አልነበረም፤ መጠየቅ ግን በእጁ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጠባቧ ክፍሉ ውስጥ ባለበት ቆሞ ይሮጥ ነበር። ኖራ ድንጋይ በሚቆፍሩበት ካባ እስረኞቹ እየሠሩ እርስ በርስ ይማማሩ ነበር። አንቺም ወኔ ይምጣልኝና እጀምራለሁ የምትይ ከሆነ አትጀምሪም። ጀምሪ፣ ወኔው ይከተልሻል።

ወጣቷ፦ እሱ ማንዴላ ነው፤ ትልቅ ዓላማ ነበረው። እኔ የምፈልገው ደመወዝ ነው።

ጋሼ፦ እሱም ይሰበር ነበር። በ1968 እናቱ ሞቱ፤ በዓመቱ የበኩር ልጁ በመኪና አደጋ አረፈ። ሁለቱንም እንዳይቀብር ከለከሉት። የልጁን መርዶ በቴሌግራም ሲያነብ ክፍሉ ገብቶ ተኛ፤ ለራትም አልወጣም። አብሮት የታሰረው የትግል ጓዱ ዋልተር ሲሱሉ መጥቶ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ፤ ማንዴላ ቴሌግራሙን ሰጠው። ሲሱሉ አንድ ቃል ሳይተነፍስ እጁን ብቻ ያዘው። ያን ሌሊት ዓላማ ብቻውን አይበቃም፤ ሰው ያስፈልጋል። አንቺ ደግሞ ከተመረቅሽ ወዲህ ጓደኞችሽን ሸሽተሻል።

ወጣቷ፦ «ሥራ አገኘሽ?» ሲሉኝ አፍራለሁ።

ጋሼ፦ ገሚሶቹ እነሱም አላገኙም እኮ! ሰብሰብ በሉ። ማስታወቂያ ያየ ለሌላው ይንገር፤ ለፈተና ስትጠሩም አብራችሁ አጥኑ።

ወጣቷ፦ እሺ። ግን ጋሼ፣ መንገዱ ራሱ የተዘጋ ቢሆንስ? ትዕግሥት ነው እያልኩ ዕድሜዬን ብጨርስስ?

ጋሼ፦ ይኼ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። እስረኛ በር አይመርጥም፤ አንቺ ግን ትመርጫለሽ። ግብሽን ያዢ፣ መንገዱን በየጊዜው ፈትሺ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ካልቀጠሩሽ ትንሽ ሳይት ላይ ረዳት ሆነሽ ግቢ፤ የአውቶካድ ሥራ በቁርጥ ተቀበይ። ያ ልምድ ይሆንሻል። ማንዴላም የሕግ ዲግሪውን በ1943 ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ሳይጨርስ ወጣ። እስር ቤት ሆኖ በለንደን ዩኒቨርሲቲ በኩል ሞከረ፤ አሁንም አልተሳካም። ያገኘው በ1989 በደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በኩል ነው፤ ለመፈታት ወራት ሲቀሩት። ዩኒቨርሲቲ ቀያየረ እንጂ ሕጉን አልተወም።

ወጣቷ፦ እንግዲያው ከየት ልጀምር?

ጋሼ፦ ጠዋት የምትነሺበትን ሰዓት ወስኚ። በቀን አንድ ለሰው ልታሳዪው የምትችይውን ሥራ ጨርሺ፤ ማመልከቻም ይሁን ንድፍ። በሳምንት አንዴ ከነዚያ ጓደኞችሽ ጋር ተገናኚ። መቼ እንደምትቀጠሪ እኔም አላውቅም። ቀኑ ሲመጣ ግን እጁ ሥራ ያልፈታ ሰው ሆነሽ ቆዪው።