ምዕራፍ ስድስት፦ ከሩቁ አገር በፊት የጎረቤት ልጅ

ሥዕላዊ የልጆች መጽሐፍ ሲባል ታሪኩን ቃልና ሥዕል ተካፍለው የሚናገሩት፣ አዋቂው ጮክ ብሎ ሲያነብ ገና ፊደል ያልቆጠረው ሕፃን ደግሞ ሥዕሉን እየተከተለ በራሱ መንገድ የሚያነበው መጽሐፍ ማለት ነው፤ ሥዕሉ ለማስዋቢያ ብቻ የገባበት መማሪያ መጽሐፍ ከዚህ አይቆጠርም። በዚህ ዓይነት መጽሐፍ አማካይነት ልጆችን ከሌሎች ሕዝቦች ባህልና ልማድ ጋር ማስተዋወቅ በብዙ አገሮች የተለመደ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከየትኛው ሕዝብ ይጀመር የሚለው ነው። ከውጭ በእርዳታ የሚመጡ መጻሕፍት ስለ በረዶና ስለ ባቡር ብዙ ስለሚናገሩ፣ መጽሐፍ የሚያገኝ ልጅ የአውሮፓን ክረምት ዐውቆ ከቤቱ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ የሚኖር እኩያው በምን ዓይነት ቤት እንደሚያድር ሳያውቅ ሊያድግ ይችላል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ ይኖርበታል።

ነገሩን በግልጽ ለማየት ከባቲ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ደጋው አብቅቶ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኘው ባቲ፣ ከሚሴን ዋና ከተማው ባደረገው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ስሟ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች የአንዱ መጠሪያ ሆኖ በመላ አገሪቱ ይታወቃል፤ ሰኞ ሰኞ የሚቆመው ገበያዋ ደግሞ በአገሪቱ ካሉት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነው። አፋሩ ግመሉን፣ ፍየሉንና ጨውን ይዞ ከቆላ ይወጣል፤ የደጋው አማራ እህሉን ጭኖ ይወርዳል፤ የአካባቢው ኦሮሞና አርጎባ ከብትና ሸቀጥ ይዘው ይደባለቃሉ። ስለዚህ በባቲ የሚያድግ ልጅ ሌላውን ሕዝብ ለማየት መጽሐፍ የሚያስፈልገው አይመስልም፤ በየሳምንቱ ያየዋልና።

ይሁን እንጂ በገበያ የሚገኘው ትውውቅ ወሰን አለው። ልጁ የሚያየው አባቱ ዋጋ ሲከራከረው የዋለውን አዋቂ ሰው እንጂ የዚያን ሰው ልጅ፣ እናትና ቤት አይደለም፤ ገበያተኛው ግመሉን ነድቶ ሲመለስ ልጁ አብሮት አይሄድም። አሪ የሚባለው የአፋር አርብቶ አደር ቤት፣ የተቆለመሙ እንጨቶች ታስረው አጥንቱ ከቆመ በኋላ በዘንባባ ሰሌን የሚለበስ ጉልላት መሳይ ቤት ሲሆን፣ ውሃና ግጦሽ ፍለጋ ሲኬድ ተነቅሎ በግመል ይጫናል፤ የሚሠሩትም የሚነቅሉትም ሴቶች ናቸው። በገበያ ላይ ሰሌን ሲሸጥ ያየ ልጅ ያ ሰሌን ግድግዳም ጣሪያም እንደሚሆን፣ እኩያው የሆነች ልጅ ከእናቷ ጋር ስታስረውና ስትፈታው እንደምትውል የሚያውቀው ወይ ሄዶ ሲያይ ወይም በመጽሐፍ ሲያገኘው ነው። በሌላ በኩል የአፋሯ ልጅ፣ ከከሚሴ ብዙም ሳይርቅ ተራራ ጫፍ ላይ በምትገኘው ሾንኬ የአርጎባ ቤተሰብ ከድንጋይ በተሠራና ከቦታው በማይንቀሳቀስ ቤት እንዴት እንደሚኖር ብታይ ከዚያ ያላነሰ ትደነቃለች።

ትምህርት ቤቶች ይህን ክፍተት የሚሞሉበት የታወቀ መንገድ አላቸው። ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀበትን ዕለት ምክንያት በማድረግ በሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ልጆች የየሕዝቡን ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ። በዓሉ የራሱ ጥቅም አለው፤ ሆኖም ልጁ ሌላውን ሕዝብ ሁልጊዜ በክት ልብሱና በጭፈራው ብቻ ካየው፣ አፋር ሲባል ጊሌ የሚባለውን ጩቤ የታጠቀ ጎልማሳ፣ ኦሮሞ ሲባል ፈረሰኛ፣ አማራ ሲባል በሬ የጠመደ ገበሬ ብቻ በአእምሮው ይቀረጻል። ጥሩ ሥዕላዊ መጽሐፍ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ የሰውን አዘቦት ያሳያልና። ውሃ የሚቀዳ፣ ከታናሹ ጋር የሚጣላ፣ ጥርሱ የሚነቀል፣ ግልገሉ የጠፋችበት ልጅ በየትኛውም ልብስ ቢታይ ሌላው ልጅ ወዲያውኑ ያውቀዋል።

አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ መጽሐፍ ለልጅ ራሱን የሚያይበት መስታወትም ሌላውን የሚያይበት መስኮትም መሆን እንዳለበት ገልጸዋል፤ ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ያደገ ልጅ የጎደለው ነገር አለ ማለታቸው ነው። በባቲና በከሚሴ የሚብሰው ችግር መስታወቱ ነው፤ ምክንያቱም የኦሮሞ፣ የአፋር ወይም የአርጎባ ልጅ የራሱን ቤትና የራሱን እናት አለባበስ ያየበት መጽሐፍ እጅግ ጥቂት ነው። ራሱን በመጽሐፍ አይቶ የማያውቅ ልጅ መጽሐፍ የሌላ ሰው ነገር ነው ብሎ ሊደመድም ስለሚችል፣ ወላጅና መምህር የሌላውን ባህል ከማስነበባቸው በፊት ወይም ጎን ለጎን የልጁን የራሱን ማቅረብ ይኖርባቸዋል።

እጥረቱን ለማቃለል የተደረጉ ሙከራዎች አሉ። ነገሌ ቦረና ተወልደው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ፣ ለኢትዮጵያውያን ልጆች በቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ ሲያጡ፣ የሞኙን ማሞ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን፣ በባለቀለም ሥዕል አሳትመዋል፤ ልጅነቷን በማጂ ካሳለፈችው ደራሲ ጄን ከርትዝ ጋር የመሠረቱት ኢትዮጵያ ሪድስም እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍቷል፣ ቆይቶም በሐዋሳ አህያ የሚስበው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ጀምሯል። ብሪታኒያዊቷ ደራሲ ኤልዛቤት ሌርድ በበኩሏ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ በየክልሉ ተዘዋውራ ተረቶችን ሰብስባለች። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ ደግሞ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ ሥዕላዊ ታሪኮችን በነፃ ስለሚያቀርብ፣ ማተሚያ ያለው ትምህርት ቤት እያተመ ሊጠቀምባቸው ይችላል።

በባቲ አካባቢ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፤ እሱም የጽሕፈቱ ነው። አማርኛ በፊደል ይጻፋል፤ አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በላቲን ላይ በተመሠረተው ቁቤ ይጻፋል፤ አፋርኛም የሚጻፈው በላቲን ነው። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ልጆች በተለያየ ጽሕፈት ስለሚማሩ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ማንበብ ያቅተዋል። ሥዕሉ ግን ለሁሉም አንድ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱን ጽሕፈት አጣምሮ የያዘ መጽሐፍ ከተገኘ፣ አንደኛው ልጅ ለሁለተኛው የሚያነብበት፣ ሥዕሉንም አብረው የሚያወሩበት አጋጣሚ ይፈጠራል። ይህ ደራሲዎችና አሳታሚዎች ሊያተኩሩበት የሚገባ፣ እስካሁን ግን የሚገባውን ያህል ያልተሠራበት ነገር ነው።

ስለ አነባበቡ ሲነሳ፣ ተነጋግሮ ማንበብ የሚባለውን ዘዴ ማወቅ ይጠቅማል። ይህ ዘዴ አዋቂው ብቻውን አንብቦ ከመጨረስ ይልቅ ልጁን እየጠየቀ፣ የልጁንም መልስ እያሰፋ የሚያነብበት ነው፤ በአሜሪካ ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ ወላጆቻቸው በዚህ መንገድ ያነበቡላቸው ሕፃናት በ1 ወር ጊዜ ውስጥ በንግግር ችሎታ ከሌሎቹ ልቀው ተገኝተዋል። አሪው ሲነቀል የሚያሳይ ገጽ ላይ የደረሰ አንባቢ፣ ይህ ምንድን ነው ብሎ አንድ ቃል ከመጠበቅ፣ «እናትየው መጀመሪያ የቱን የምትፈታ ይመስልሃል? ግመሉ ላይ ማን ይቀመጣል? እኛ ቤት ብንለቅ ምኑን ይዘን እንሄድ ነበር?» ቢል ልጁ ሥዕሉን ደጋግሞ ለማየት ይገደዳል። «ቤት የላቸውም እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅም አይቆጡትም፤ ቤቱ አብሯቸው እንደሚሄድ በሥዕሉ ላይ ጣት አስቀምጦ ማሳየት ይበቃል።

ከሁሉም የሚከብዱት የሃይማኖት ጥያቄዎች ናቸው፤ ብዙ ወላጆችም በዝምታ ያልፏቸዋል። የአረፋን ወይም የገናን በዓል የሚያሳይ መጽሐፍ ሲነበብ፣ ልጁ የእነ እከሌን ሥጋ ለምን አንበላም ማለቱ አይቀርም። ወሎ ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አለው፤ በሠርግና በድግስ ለእስላሙ በእስላም፣ ለክርስቲያኑ በክርስቲያን እጅ ለየብቻ ይታረዳል፤ ሁለቱም ግን በአንድ ድንኳን ይስተናገዳሉ። ወላጁ ይህን ሲያስረዳ ልዩነቱን አልሸሸገም፣ አላስፈራራበትምም። በቅርብ ዓመታት ጦርነትና ግጭት በደረሰበት አካባቢ መጽሐፍ ብቻውን ሰላም ያመጣል ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ልጅ ስለ ጎረቤቱ መጀመሪያ የሰማው በንዴት ሰዓት የተነገረ ክፉ ቃል ከሚሆን፣ ስሙንና ቤቱን የሚያውቀው እኩያ ታሪክ ቢሆን እጅግ ይሻላል።

መጽሐፍ በሌለበት መጽሐፍ መሥራት ይቻላል። ስድስት ወረቀት ተደርቦ ለሁለት ታጥፎ መሐሉ በመርፌና በክር ሲሰፋ ባለ 24 ገጽ ደብተር ይወጣዋል፤ ልጆች ከአያታቸው የሰሙትን ተረት፣ በአፋን ኦሮሞ ኦዱ ዱሪ የሚባለውን ጭምር፣ ገጽ በገጽ እየከፈሉ ይሥሉታል፤ መምህሩ ከሥር በሁለት ቋንቋ ይጽፍላቸዋል። ስለ ሌላ ሕዝብ የሚሠራ ከሆነ ግን ከመሰፋቱ በፊት የዚያው ሕዝብ ተወላጅ፣ በተለይ እናት፣ ሥዕሉን አይታ ታርመው፤ ሰሌኑ በየት በኩል እንደሚታሰር፣ ሻሹ እንዴት እንደሚጠመጠም የምታውቀው እሷ ናት። ለዚህ ደግሞ ባቲ ውስጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሰኞ ዕለት ወደ ገበያው ይዞ መውረድ ይበቃል፤ ሁለት ቅጂ ተሠርቶ አንዱ ለአራሚዋ ልጆች ቢሰጥ ደግሞ ሁለቱም ወገን አንድ መጽሐፍ ይኖረዋል።