የማታው መብራት ለምን ይደክማል?

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ጊቤ 3 ከኛ ብዙ አይርቅም፤ ብቻውን 1870 ሜጋ ዋት ነው ይላሉ። ህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ታዲያ እኛ ሰፈር፣ ሲቀላ፣ ማታ ማታ አምፖሉ እንደ ኩራዝ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ሽማግሌው፦ ሁሉም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ከአባ ሳሙኤል እስከ ቆቃ፣ ከቆቃ እስከ ጊቤ ስንቆጥር የኖርነው ዋት ብቻ ነው። ዋት እህል ይፈጫል፣ እንጀራ ይጋግራል። ሞተር ግን እንዲዞር በሆዱ ውስጥ መግነጢስ መፍጠር አለበት። ለዚያ የሚወስደው ኃይል ሥራ ላይ አይውልም፤ በሴኮንድ 100 ጊዜ በመስመሩና በሞተሩ መካከል ይመላለሳል። ሪአክቲቭ ፓወር የሚሉት ይህን ነው።

ወጣቱ፦ ተመልሶ የሚሄድ ከሆነ ምን ይጎዳል?

ሽማግሌው፦ ሽቦውን ያጣብባላ! ማዶ ያለውን ወፍጮ እናስላው። ከመስመር 15 ኪሎ ዋት ይስባል፣ ፓወር ፋክተሩ፣ ማለትም ከሚጎትተው ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ፣ 0.7 ነው እንበል። በ380 ቮልት ወደ 33 አምፔር ይጎትታል። አጠገቡ 10 ኪሎ ቫር ገደማ ሪአክቲቭ የሚሰጥ ካፓሲተር ብትተክልለት የመግነጢሱን አብዛኛውን ከዚያው ያገኛል፤ ከመስመር የሚጎትተው ወደ 24 አምፔር ይወርዳል። የሚፈጨው እህል ያው ነው፤ ሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ግን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ወጣቱ፦ የጊቤ ጄነሬተር ይህንን አይሰጥም?

ሽማግሌው፦ ይሰጣል፤ ግን ሩቅ መንገድ አይችልም። ከጊቤ ወላይታ ሶዶ በ400 ኪሎ ቮልት፣ ከሶዶ ወደ እኛ በ132 ኪሎ ቮልት፣ ከዚያ እስከ ሰፈር ትራንስፎርመር ሲመጣ መስመሩም ትራንስፎርመሩም ይበሉታል፤ በሄደበት ሁሉ ቮልቴጁን ይጥላል። ስለዚህ ሞተሩ ባለበት መመረት አለበት። ከአርባዎቹ ምንጮች ውሃ ወደ ከተማ የሚገፋው ፓምፕ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብየዳ ቤቱ፣ ሁሉም ይፈልጉታል።

ወጣቱ፦ እኛ ቤትስ ስታብላይዘር ገዝተናል።

ሽማግሌው፦ ጎረቤትህም ገዝቷል። መስመሩ 160 ቮልት ሲደርስ ያንተ ስታብላይዘር 220 ልስጥ ብሎ፣ ለ5 አምፔር ዕቃህ ከመስመር ወደ 7 አምፔር ይጎትታል። ሰፈሩ በሙሉ እንዲህ ሲያደርግ ቮልቴጁ ይብሱን ይወርዳል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን «መብራት ቆጣቢ» እየተባለ የሚሸጠው ሳጥን ነው። ሶኬት ላይ ሰካው፣ ሒሳብህ በግማሽ ይቀንሳል ይሉሃል። አንዲት እናት ከጉልት ሽያጫቸው ቆጥበው ገዝተው፣ ሒሳቡ አልቀንስ ሲላቸው ይዘውልኝ መጡ። ከፈትኩት። አንዲት አረንጓዴ መብራት፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ካፓሲተር፣ ሁለት ሽቦ። በቃ! የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ሪአክቲቩን አያስከፍልህም። ያልከፈልከውን ማን ይቀንስልሃል? በብዙ አገር ትልልቅ ፋብሪካዎች ሪአክቲቩም ተለክቶ ስለሚከፍሉበት ካፓሲተር በእርግጥ ሒሳብ ያቀልላቸዋል። ይህን እውነት ቆንጥሮ ወስዶ ለድሃ ቤት መሸጥ ሌብነት ነው! የባሰው ደግሞ፣ ሰው ከተታለለ በኋላ ካፓሲተር የተባለውን ሁሉ ጠላ። ዛሬ ወፍጮ ቤት ሄጄ ግጠሙ ስላቸው «ያንን ማጭበርበሪያ?» ይሉኛል። ቮልቴጁ አንሶ ሞተራቸው ሲግል፣ ጥቅልሉ ሲቃጠል፣ ለማስጠቅለል ገንዘብ ሲያወጡ እያየሁ ማለት ነው።

ወጣቱ፦ እንግዲያው በየቦታው ብዙ ብዙ ብንተክልስ?

ሽማግሌው፦ ልክ አለው። ሌሊት ጭነት ሲቀንስ ረጅሙ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ራሱ ሪአክቲቭ ያመነጫል፤ ቮልቴጁ ሽቅብ ይወጣል። ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ስፔንና ፖርቱጋል የጨለሙት ዋት አንሷቸው አልነበረም፤ ቮልቴጁ ከልክ አልፎ ጄነሬተሮቹ ተራ በተራ ከመስመር ስለወጡ ነው። ስለዚህ ለወፍጮው ካፓሲተር የራሱን ማብሪያና ማጥፊያ (ኮንታክተር) ስጠው፤ ከሞተሩ ጋር ይግባ፣ ከሞተሩ ጋር ይውጣ። ከጠፋ በኋላም ቻርጁ እስኪወጣ ሳትጠብቅ ተርሚናሉን በእጅህ እንዳትነካ።